ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ

ባለፈው ሰሞን ለሱቄ ደረሰኝ ላሳትም ሰንጋ ተራ ከአንድ ፎቅ ሥር ወደተወሸቀች ጠባብ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ልጁ ማሽኑን ሲጠራርግ ቆየና እጁን ላምባ በነካው ጨርቅ እያሸ፣ "እናቴ፣ ቁጥሩ ከስንት ይጀምር?" አለኝ። መልሱ ቀላል ነው፤ ሰው ሁሉ ከአንድ ነው የሚያስጀምረው። እኔ ግን የላምባውና የቀለሙ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲደርስ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ልጁ ያመመኝ መስሎት ውሃ ሊያመጣልኝ ወጣ።

አባቴ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ይኸውላችሁ፣ በደርግ ዘመን እኛ የምንኖረው ልደታ፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብዙም በማትርቅ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራው ደረሰኝ ላይ ቁጥር መምታት ነበር። ቁጥር መምቻዋ ስድስት ጥቃቅን ጎማዎች አሏት፤ በየጎማዋ ዙሪያ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተቀርጿል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጎማዎቹን በጣቱ እያዞረ ደስ ያለውን ቁጥር ያወጣና ቀለሙ እኩል መያዙን ውዳቂ ወረቀት ላይ ይሞክራል። ያቺን የሙከራ ቁራጭ በሸሚዝ ኪሱ ይዞልኝ ይመጣል። የጎረቤት አባቶች ከረሜላ ይዘው ሲገቡ የኔ አባት ቁጥር ይዞ ይገባል።

አመሻሽ ላይ በመጀመሪያ የብስክሌቱ ካቴና ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ቀጥሎ የቆርቆሮው በር ይንኳኳል። እጁን በላምባ ያሻል፣ በኦሞ ይታጠባል፣ ሽታው ግን አይለቀውም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ወረቀቷን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ "እሺ የኔ እመቤት፣ ለሁለት?" ይለኛል። ያለ ቀሪ የምትካፈል ከሆነ "ይካፈላል" እላለሁ፤ ካልሆነ "አይካፈልም"። ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት እያልን እየተፈራረቅን እንወጣለን። ዝም ብሎ መገመት አይቻልም፤ "እንዴት አወቅሽ?" ይላል። ለሦስት መሆኑ አሃዞቹ ተደምረው፣ ለአራት መሆኑ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ታይተው ነው የሚታወቀው። ቀድሞ የተሳሳተ ይሸነፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው አባቴ ነበር። ሆን ብሎ መሆኑን ባውቅም ማሸነፌን አልጠላሁትም።

የአሸናፊው ሽልማት እሁድ ጠዋት በብስክሌቱ መሄድ ነው። ከኮርቻው ኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ እናቴ ያጠፈችልኝን ጆንያ አንጥፌ እቀመጥና ወገቡን አቅፌ እንወጣለን። በሰንጋ ተራ በኩል አድርገን ወደ ተክለ ሃይማኖት ዳገቱን ስንያያዘው ወርጄ እገፋለሁ። ዝናብ ያደረበት ቀን ከሆነ ቆርቆሮው ሁሉ በፀሐይ ይብለጨለጫል፤ ጀርባው ይሞቃል፤ ሸሚዙ ላምባ ይሸታል። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ እኔ ቦምቦሊኖዬን እገምጣለሁ፤ የቀበሌው ስብሰባ ሳይጀመርና ስም ሳይጠራ እንመለሳለን። ለአባቴም ለእናቴም አንድ ነበርኩ። ያቺ የብረት መቀመጫም የምትይዘው አንድ ሰው ነው፤ እኔን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። በዚያ በክፉው የድርቅ ዘመን፣ ጳጉሜ ላይ፣ አንድ የወሎ ሹፌር ዘመዳችን ዝናብ እየመታው በሩን አንኳኳ። ከኋላው አንዲት የኔ እኩያ የምትሆን ልጅ የፌስታል ዕቃዋን አቅፋ ቆማለች። የአጎቴ ልጅ ናት። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ነበር፤ ከደሴ ወዲያ ባለች የገበያ ከተማ እህል ይነግድ ነበር። በዚያ ዓመት እሱም ሚስቱም ተከታትለው ማረፋቸውን ሰምተን ለቅሶ ተቀምጠናል። ልጅቷ ግን ትመጣለች ብሎ ማንም አልነገረኝም። አባቴ አቅፏት ሲያለቅስ እኔ በሩ ሥር ቆሜ የማያቸው ተዋውቄያቸው የማላውቅ ሰዎች መሰሉኝ።

ማታውኑ የአልጋዬ እኩሌታ፣ የብርድ ልብሴ እኩሌታ፣ የትምህርት ቤት ሹራቤ ደግሞ ሙሉው የእሷ ሆነ። እናቴ "እህትሽ ናት" አለችኝ። እኔ ግን በልቤ ጳጉሜ ብዬ ስም አወጣሁላት። ሰላሳ ሰላሳ ቀን እየሆነ የተስተካከለ ዓመት ላይ የምትንጠለጠል ትርፍ ነገር ማለቴ ነው።

ለብዙ ቀን አባቴ ቁጥር ይዞ አልመጣም። ቤቱ የኀዘን ቤት ስለነበር እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ማታ ግን ኪሱን ዳበሰና ወረቀቷን አወጣ። ደስ አለኝ፤ የአጎቴ ልጅ በሩ አጠገብ ተኮራምታ ተቀምጣለች፣ ይህ ጨዋታ ደግሞ እሷን አይመለከታትም። ለሁለት፣ ለሦስት እያልን ሰባት ላይ ስንደርስ ተራው የኔ ነበርና ጠመኔ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ማካፈል ጀመርኩ። ለሰባት አቋራጭ መንገድ አላውቅም ነበር።

"የመጨረሻዋን አሃዝ ቆርጦ፣ እጥፏን ከቀሪው መቀነስ ነው" የሚል ቀጭን ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። "የቀረው ለሰባት ከተካፈለ፣ እሱም ይካፈላል።"

አባቴ ቀና አለ። "ማነው ያስተማረሽ?"

"አባቴ" አለች። "ማታ ማታ እንጫወት ነበር።"

አባቴ ወረቀቷን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ኋላ እንደነገረን፣ ጨዋታውን የፈጠሩት እሱና ወንድሙ ናቸው። ልጆች ሳሉ በአባታቸው መጋዘን ሲጠብቁ፣ በየጆንያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያዩ ለስንት ይካፈላል እየተባባሉ ነው ያደጉት። የሰባቷን ብልሃት ያገኘው ታላቁ ነው፤ ለታናሹ ግን እንዳይሸነፍ ደብቆት ኖሮ ለልጁ ብቻ አስተማራት። አባቴ ይህንን ሲናገር እየሳቀ እንባው ወረደ። "ደባቂ!" አለ፣ ወንድሙን ይሁን እሷን እንጃ።

እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጨዋታው የኔ ነው ብዬ ነበር። ለካ ከኔ በፊት የነበረ የቤተሰብ ርስት ኖሯል፤ እሷም እንደኔ ወራሽ ናት። ሹራቤን ስትወስድ ያን ያህል አልከፋኝም ነበር። ያን ማታ ግን ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ተጋጣሚዬ እሷ ሆነች፤ አባቴ ዳኛ ሆነ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ የብስክሌት ወንበር። አንዱን እሁድ እኔ፣ አንዱን እሁድ እሷ። እሷ የምትሄድበትን እሁድ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የኮርቻውን ጠርዝ ነበር የምትይዘው፤ ልብ ብዬ ነው ያየሁት። አባቴንም "አንቱ" ነበር የምትለው፤ ያም ደስ ይለኝ ነበር፣ አንቱ የሚባል ሰው የሩቅ ነዋ። አንድ እሁድ ግን ሲመለሱ ሸሚዙን ከወገቡ ላይ ጨብጣዋለች። ከብስክሌቱ ወርዳ፣ "አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ" አለችው። አባዬ። ስጠኝ። እሱም ድሮም እንደዚያ ስትለው እንደኖረች ሁሉ ቁልፉን ወርወር አደረገላት።

ምሳ አልበላም አልኩ። እናቴ ምስር ስትለቅም ቀና ብላ አየችኝና፣ "ብትቀኚም በልተሽ ቅኚ" አለችኝ። እናቴ እንዲያ ናት፤ ቅናቴን አልከለከለችኝም፣ በባዶ ሆዴ እንዳይሆን ብቻ ነው የፈለገችው። እኔ የቀናሁት በልጅቷ ብቻ አልነበረም። እሷ ቁጥር ስትመልስ አባቴ ፊት ላይ በሚመጣው ነገር ነው የቀናሁት። እኔ ስመልስ ይስቅልኛል፤ እሷ ስትመልስ ግን ሩቅ የሆነ ድምፅ እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ያ ዘንበል ማለት ለኔ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ ያቺ ትልቋ ቁጥር የመጣችው እንዲህ ሆነን ሳለ ነው። በዚያ ሳምንት አባቴ ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ፎቶ ተነሣ ተብሎ ነበር። "የፊታችን እሁድ ተክለ ሃይማኖት ፎቶ ቤት እገባለሁ፤ ከኋላዬ የተቀመጠች አብራኝ ትነሣለች፣ አስጥቤ ግድግዳው ላይ እሰቅላታለሁ" አለ። የዚያን ጊዜ ፎቶ እንደዛሬው በየኪሱ አልነበረም። እኔና አባቴ አብረን የተነሣነው አንድም ፎቶ የለንም። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ስቆም የነበረው አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ነው። ሦስት ሆነን ለምን አንሄድም ለማለት ብስክሌቱ አይችልም፤ ሕጉም ሕግ ነው።

ዓርብ ማታ አባቴ ወረቀቷን አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋት። "ይቺን ሳምንቱን ሙሉ ስፈልጋት ከረምኩ" አለ። ሁለታችንም አንገታችንን አሰገግን። ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ። ሦስት፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ እንደገና ሦስት፣ ስድስት፣ ዜሮ። "አሥራ ሁለቱ ወር ሰላሳ ሰላሳ ቀን ሲሆን ሦስት መቶ ስልሳ ነው፤ ጳጉሜን ሳንቆጥር። ዓመቱን ሁለቴ ጽፌላችኋለሁ" አለን። ጳጉሜን ሳንቆጥር ሲል ሆዴ ቅቤ ጠጣ። እሱ የስም አወጣጤን አያውቅም፤ እኔ ግን ወገኔ መሰለኝ።

ሲያቀብጠኝ፣ "እኔ ልጀምር" አልኩ። እንግዳ ይቅደም ይባል ነበር፤ እኔ ግን እንግድነቷ ያለቀ ዕለት የኔም ነገር ያልቃል ብዬ እፈራ ስለነበር ምንም ነገር ላይ ላስቀድማት አልፈለግኩም። አባቴ ትከሻውን ነቀነቀና "እሺ፣ ጀምሪ" አለ።

ለሁለት ይካፈላል አልኩ። ለሦስት ይካፈላል አለች። ለአራት እኔ፣ መጨረሻዋ ስልሳ ነውና። ለአምስት እሷ። ለስድስት እኔ፤ ለሁለትም ለሦስትም ተካፍላለችና። እዚህ ላይ ሰባት ለእሷ ደረሰ። አጎቴ በደበቃት ብልሃት ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወረቀቷን እያየች ፈገግ አለች። "ሦስት መቶ ስልሳ ሁለቴ ተጽፎ የለ? እንዲህ የተደገመ ቁጥር ሁሉ አንድ ሺህ አንድ ጊዜ ራሱ ነው" አለች። "አንድ ሺህ አንድ ደግሞ ሰባት ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ አሥራ ሦስት ነው። ስለዚህ ለሰባት ይካፈላል፤ ለአሥራ አንድም፣ ለአሥራ ሦስትም ስትደርሱ ይካፈላል።"

ሦስቱንም ከባድ በር በአንድ ቁልፍ ከፈተቻቸው። አባቴ አንገቱን ዘንበል አደረገ። እናቴ እንኳ ምስሯን ትታ አየቻት። እኔ ዓይኔ ደም ለበሰ። "ስምንት የኔ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች፣ ሦስት መቶ ስልሳ፣ ስምንት ጊዜ አርባ አምስት ነው፣ ይካፈላል። ዘጠኝ እሷ፤ አሃዞቹ ተደምረው አሥራ ስምንት ናቸው። አሥር እኔ። አሥራ አንድን እንዳለችው አለፈች። አሥራ ሁለት እኔ፣ በሦስትና በአራት። አሥራ ሦስትንም አለፈች። አሥራ አራት እኔ፤ ለሁለትም ለሰባትም ተካፍላለች አልኩ፣ በእሷ ሰባት። አሥራ አምስት እሷ፣ በሦስትና በአምስት።

እንዲህ ያለ ቁጥር አይተን አናውቅም። ሌላው ቁጥር ገና አራት ወይ ሰባት ላይ እምቢ ይላል። ይቺ ግን የመጣውን ሁሉ እሺ ትላለች፤ ለማንም ትቆረሳለች፣ ፍርፋሪ አይተርፋትም። አባቴ የመጨረሻ ልጁን እንደሚድር ሰው ፊቱ በርቷል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጠባጠባል። ተራው የኔ ነው፤ አሥራ ስድስት።

"ይካፈላል" አልኩ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ለሁለትም ለስምንትም ተካፍላለች። ሁለት ጊዜ ስምንት አሥራ ስድስት ነው።" አሥርን በሁለትና በአምስት፣ አሥራ አራትን በሁለትና በሰባት አልፌ የለ? በዚያው መንገድ ሄድኩ።

አባቴ ጠመኔዋን ወደኔ ገፋ አደረገ። የአጎቴ ልጅ ወለሉን እያየች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "ሁለቷ እኮ ስምንቷ ውስጥ አለች። አንዷን ሁለቴ ቆጠርሻት" አለች።

ጠመኔ አነሣሁና ሲሚንቶው ላይ አካፈልኩ። ሃያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ሁለት ደርሶ ስምንት ተረፈ። ስምንቷን አየኋት፣ አየኋት፣ ልትጠፋልኝ አልቻለችም። እስከ አሥራ አምስት ድረስ ለሰው ሁሉ እሺ ስትል የመጣች ቁጥር እኔ ጋ ስትደርስ እምቢ አለች። እኔ ልጀምር ባልል ኖሮ አሥራ ስድስት የሚደርሰው ለእሷ ነበር።

ወጥቼ ከቧንቧው አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እርጥብ አፈርና የጎረቤት ሽንኩርት ይሸታል። ፎቶውን ነው የማስበው፤ እሷ ትከሻው ላይ እጇን አድርጋ። ብዙ ሳይቆይ መጣች። እኔ ቀና አላልኩም፤ የእናቴ መቀስ ሲቆርጥ ግን ይሰማኛል። ለካ ወረቀቷን ከመሃል ለሁለት ቆርጣ፣ ዙሪያዋን ደግሞ እየከረከመች፣ እያስተያየች፣ እንደገና እየከረከመች ነበር። ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላዋ ወሰደች።

"ግራ ወይስ ቀኝ?" አለችኝ።

ጠበቀችኝ። በመጨረሻ "ቀኝ" አልኩ፣ እንድትሄድልኝ። እጄ ላይ ትንሽ ቁራጭ አስቀመጠች። ሦስት መቶ ስልሳ ይላል። የራሷንም ዘረጋች። ሦስት መቶ ስልሳ ይላል።

"የሺህዋ የትኛዋ ናት?" አልኳት። መቼም ቅናት ሒሳብ ያስተምራል። የመጀመሪያዋ ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ናት፤ የኋለኛዋ ተራ ሦስት መቶ ስልሳ ናት፤ አንዷ የሌላዋ ሺህ እጥፍ መሆኗ ነው።

"እኔም አላውቅም። እንዳላውቅ ብዬ ነው የከረከምኳቸው" አለች። "ብስክሌቱንም እንዲሁ እናድርግ። ስትሄዱ አንቺ፣ ስትመለሱ እኔ። እኔ በእግሬ ቀድሜ ፎቶ ቤቱ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ፎቶውን ሦስታችንም እንነሣለን።"

ምጽዋት አልፈልግም አልኳት። ቃል በቃል እንዲያ ነው ያልኩት። እሷም አልተቆጣችም። ቁራጯን ግን አልመለስኩላትም፤ ለሳምንታት ከመብራቱ ሥር እያስጠጋሁ መረመርኳት። ዜሮዋ ሰፋ ያለች ናት፣ ቀለሙ የደመቀው የፊተኛዎቹ ጎማዎች ነው፣ እያልኩ። እሷ ስትተኛ የእሷንም ከመጽሐፏ መሃል አውጥቼ ከጎኗ አስቀምጬ አስተያየሁ። ምንም ልዩነት የለም።

እሁድ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። አባቴ ግንባሬን ነካ አደረገኝ፤ ላምባ ይሸታል። "እውነት አሞሻል?" አለ። "አዎ" አልኩት። የካቴናው ድምፅ በቆርቆሮው በር በኩል ወጣ፤ ጠመንጃ ያዥ እስኪደርሱ የሰማሁት ይመስለኛል። ፎቶው ከሳምንት በኋላ መጣ። አባቴ ተቀምጧል፤ እሷ ከጎኑ ቆማለች፣ የኔን ሹራብ ለብሳ። ግድግዳው ላይ ብዙ ዓመት ተሰቀለ። እኔ ምግብ ስበላ ሁልጊዜ ለግድግዳው ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው።

ጊዜው ሄደ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ እሷ አስተማሪዎች ማሠልጠኛ ገባችና ወደ ወሎ ተመደበች፤ የሒሳብ አስተማሪ ሆነች። ስትሄድ አባቴ ፎቶውን ከነመስታወቱ አውርዶ ሰጣት። እኔ አገባሁ፣ ሱቅ ከፈትኩ፣ እናቴን ቀበርኩ። ደርግም ወደቀ። አባቴ ሲያረጅ ብስክሌቱን መንዳት ትቶ እየገፋው ይሄድ ነበር፤ ደስ ይለዋል፣ ሰላምታ ያበዛል።

አንድ የረመዳን ዋዜማ ወሎ ወርዶ እሷ ዘንድ ሰነበተ። እዚያው ታመመ። ስልክ ሲደወልልኝ ጠዋት ነው፤ አውቶቡስ ላይ ስወጣ አርፏል። የእኛ ቀብር ቀን አያሳድርም፤ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ከወንድሙ አጠገብ አስተኝተውት፣ ሰው ተበትኗል። ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት። ውሃ ያጠጣችው እሷ ናት። ይህንን ስነግራችሁ እንኳ እቀናለሁ፤ አርጅቼም አልተወኝም።

"ምን አለ መጨረሻ ላይ?" አልኳት።

"ልጄ መጣች ወይ? አለ" አለችኝ።

"የትኛዋን ነው?" አልኳት። አፌ አላረፈም፤ በዚያ ሰዓት እንኳ።

አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፈገግ አለች። "እኔማ እጁን ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። ያለ ሰው መጣች ወይ ተብሎ ይጠየቃል?"

እውነቷን ይሁን፣ ወይስ እንደ ወረቀቷ ዙሪያውን ከርክማ የሰጠችኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ከአፈሩ አጠገብ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ ምናልባት ከዚያ በፊት አንድ አባትን ሁለቴ እየቆጠርኩ አስቸግሬ ነበር።

አምና እሷም አረፈች። ልጇ፣ እሷም ሒሳብ የምትወድ ናት መሰለኝ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ይዛ ልደታ ድረስ መጣች። "እናቴ ለአክስትሽ ስጫት ብላኝ ነው" አለችኝ። ፎቶው ነው። እንግዲህ አባቴ ከልጁ ጋር የተነሣው ፎቶ ለኔ ደረሰኝ፤ እኔ የለሁበትም። ሹራቤ ግን አለች። ልጅቷ ከጀርባው ያለውን ካርቶን ስትፈታው አንዲት ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ወደቀች። ሦስት መቶ ስልሳ ትላለች።

የኔን ከቁርዓኔ መሃል አወጣኋት። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረግናቸው።

"የትኛዋ ናት የምትቀድመው?" አለች ልጅቷ።

"አለዋውጫቸው" አልኳት። አለዋወጠቻቸው። ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ። እንደገና አለዋወጠቻቸው። ያው ናት። በልጅነቴ መብራት ሥር ያንን ሁሉ ስመረምር ይህንን ማድረግ አልመጣልኝም ነበር። በየትኛውም ወገን ብትቆም የምትሞላው አንድ ቁጥር ነው። ልጅቷ ሳቀች፤ በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሁለቱም ቁራጮች እኔ ዘንድ ቀሩ።

የማተሚያ ቤቱ ልጅ ውሃውን ይዞ ተመለሰ። "ተሻለዎት? ቁጥሩስ ከስንት ይጀምር?" አለኝ። ከአንድ ጀምርልኝ አልኩት። ደግሞ፣ "ከመጀመርህ በፊት ለሙከራ አንድ ቁጥር ውዳቂ ወረቀት ላይ ምታልኝ" አልኩት፤ ቁጥሯን ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ጎማዎቹን በጣቱ አዙሮ ቀጭ አደረገና ሰጠኝ። ቀለሟ አልደረቀም፤ እፍ እያልኩባት፣ እያሸተትኳት መጣሁ።

ቤት ገብቼ መቀስ ፈለግኩ። በሁለቱ ሦስት መቶ ስልሳዎች መሃል አስገባሁትና እጄ ቆመ። ሙሉዋ ቁጥር ለብቻዬ ናት፤ ያኔ የፈለግኩት ይህንን አልነበር? እጆቿን ወደ ኋላ ወስዳ "ግራ ወይስ ቀኝ?" የምትለኝ ግን የለችም።